የግራው ወርድ የኔ ነው

አጎቴን ይቅር በይው የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ሞቷል እኮ፣ አፈር በልቶታል ይሉኛል። ይብላው! እኔ ምን አገባኝ? በሕይወት ሳለ ፊት ለፊት ጋሼ እያልኩ፣ አንቱ እያልኩ ኖሬያለሁ፤ አሁን ግን እንደልቤ "እሱ" ብዬ ላውራ። ደስ ያላለው ተነስቶ መሄድ ይችላል።

አባቴ ሸማኔ ነበር። ጣሊያን ከወጣ በኋላ ከጋሞ አገር ታናሽ ወንድሙን አስከትሎ መጣና መቱ ከተማ፣ ከገበያው ከፍ ብሎ ቤት ሠራ፤ በረንዳው ላይም ጉድጓዱን ቆፈረ። የሸማኔ ጉድጓድ አይቶ ለማያውቅ ልንገረው። ሰውየው አፋፉ ላይ ቁጭ ብሎ እግሮቹን ወደ ታች ይሰዳል። ከታች መርገጫዎች አሉ፤ አንዱን ረግጦ ሌላውን ሲለቅ ከፊቱ የተወጠረው ድር ለሁለት ይከፈላል። በተከፈለው መሀል ማግ የያዘውን መወርወሪያ ያሳልፋል፤ ከዚያ መምቻውን ወደ ራሱ ስቦ ማጉን ይመታዋል። በቃ፣ ሽመና ማለት ይኸው ነው። ይህን በአፍ መናገር ቀላል ነው፤ እጅ ግን ቶሎ እሺ አይልም።

በእኛ ዘንድ ሴት ትፈትላለች፣ ወንድ ይሸምናል። ሴት ልጅ ጉድጓድ ገብታ፣ እግሯን ከፍታ መርገጫ ስትረግጥ መታየት ነውር ነበር። ድሮውንም ሸማኔ ሲባል አፉን የሚያጣምም ሰው በሞላበት አገር፣ ሴት ሸማኔ ቢሰማ ምን ሊባል እንደሚችል ገምቱት። አባቴ ግን ወንድ ልጅ አልነበረውም፣ ዐይኑም እየደከመ ሄደ። ጥለት ሲሠራ ክሮቹን በዐይኑ መለየት አቃተው። አንድ ክረምት ጓዳ ውስጥ ሌላ ጉድጓድ ቆፈረና በሩ ላይ ሰሌን ሰቀለ። ከዚያ ጠርቶ አስገባኝ።

ዐይኔን እያስጨፈነ ነበር ያስተማረኝ። "መምቻውን ስሚው" ይለኛል። "ድምፁ ከተለወጠ እጅሽ ተለውጧል።" ስናደድ አጥብቄ እመታ ነበር፤ ደስ ሲለኝ አላላለሁ። እሱ ከሰሌኑ ወዲያ ተቀምጦ፣ "አሁን ደግሞ ምን ሆነሽ ነው?" ይለኝ ነበር፤ ፊቴን ሳያይ። እጅሽ አንድ ይሁን፣ እጅሽ አንድ ይሁን፣ ጠዋት ማታ ይህንኑ ነው። ለምን ብትሉ፣ ሸማ አንድ ወርድ ብቻውን ጠባብ ነው። ሁለት ወርድ ተሠርቶ፣ ጎን ለጎን ተገጥሞ ይሰፋል። ጫፍና ጫፉ ላይ ያለው ጥለት የግራው ከቀኙ ጋር መሀል ላይ ልክ ለልክ መገናኘት አለበት። ጠዋት አኩርፈሽ አንዱን፣ ከሰዓት ስቀሽ ሌላውን ከሠራሽ አንዱ ያጥራል፣ አንዱ ይረዝማል፤ ጥለቱም ተዛንፎ ይቀራል። የመቱ ዝናብ ደግሞ አለ። ክረምት ከገባ ድሩ እርጥበት ይጠጣና ይከብዳል፤ ያን ጊዜ እጅን ማቅለል ያስፈልጋል። ይህን ሁሉ ተማርኩ። ስማር አለቀስኩም፣ መወርወሪያም ወረወርኩ፤ ግን ተማርኩ።

አባቴ ጨርሶ ማየት ሲያቅተው ከቤታችን የሚወጣው ሸማ ሁሉ የኔ ነበር። ሰው ከጎሬ ይመጣል፣ ከያዮ ይመጣል። በረንዳው ላይ ሸማውን እያገላበጡ "እጅዎ ይባረክ!" ሲሉት ከሰሌኑ ኋላ እሰማለሁ። ያኔ አልከፋኝም። አባቴ ሲመሰገን የተመሰገንኩ ይመስለኝና ፈገግ እላለሁ።

አባቴ ሲሞት አጎቴ ተጠቅልሎ ቤታችን ገባ። የሱን እጅ ታውቁት እንደሁ፣ ከባድ ነበር። ቡልኮ ይሠራል፤ ቡልኮው ለብቻው ይቆማል። ስስ ነጠላ ግን እጁ ላይ አይሆንም ነበር። እና ምን አደረገ? እናቴን ቁጭ አድርጎ "ልጅቷ ከጓዳ ትቀጥል፣ እኔ ከፊት እሆናለሁ" አላት። እናቴም እሺ አለች፤ ምን ታድርግ። ከዚያ ወዲህ ጌታው በረንዳ ላይ ተጎልቶ የማያልቅ ቡልኮውን ይደበድባል፤ እኔ ጓዳ ውስጥ ሸማውን እሠራለሁ። ገዥ ሲመጣ ከኋላዬ ያለቀውን ይወስድና በአደባባይ "ዐይኔ እስኪፈስ የሠራሁት ነው" ይላል። ዐይኑን በጨው ታጥቦ! ቢሆንም ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እስከዚያን ቀን ድረስ ማለቴ ነው።

ያን ቀን አንዲት ሴትዮ መጡ። መቱ ላይ ለሴቶች ልጆች የእጅ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፍቶ ነበር፤ እሳቸው ዳይሬክተር ሆነው ከአዲስ አበባ መምጣታቸው ነው። ስፌቱና ጥልፉ አስተማሪ አግኝቷል፤ የጎደላቸው የሽመና አስተማሪ ነው። በረንዳችን ላይ የተሰቀለውን ነጠላዬን ሲዳስሱት በሰሌኑ ቀዳዳ አየኋቸው። ጥለቱን ገለበጡና ከውስጥ በኩል አዩት፤ ሸማ የሚያውቅ ሰው የሚያየው ከውስጥ ነው።

"ይህን የሠራ ሰው ልጆቼን ያስተምርልኝ" አሉ።

"እኔ ነኝ፣ እትዬ" አለ አጎቴ።

መወርወሪያው እጄ ላይ ነበር። ደሜ ፈላ። ያን ቦታ ፈለግኩት፤ በሕይወቴ ሌላ ነገር እንደዚያ ፈልጌ አላውቅም። ልጆቹ ሴቶች ናቸው፣ እኔም ሴት ነኝ፣ የተወደደው ሸማም የኔ ነው። ሴትዮዋ እንደሄዱ ወጣሁና "ጋሼ፣ እኔ ላስተምር። ሄደው ይንገሩልኝ፣ የሠራችው እሷ ናት ይበሉልኝ" አልኩት። ለመንኩት። እግሩ ላይ መውደቅ ነው የቀረኝ።

ሳቀብኝ። "ሴት ሸማኔ? ማን ሊያገባሽ ነው? ቆመሽ ልትቀሪ ነው!" ሲለኝ አልበገር ስላልኩ ፊቱን አጠቆረ። "አፍሽን ከከፈትሽ ያን ጉድጓድ በአፈር እደፍነዋለሁ። ያኔ ከነእናትሽ የምትበይውን አይሻለሁ" አለኝ።

ቂሜን ቋጠርኩ። እንዲህ ያለውን ሰው ፀብ አይጎዳውም፤ አደባባይ ላይ፣ በገዛ ሥራው እንዲዋረድ ነበር የተመኘሁት። ስተኛም ስነሳም ሌላ ሐሳብ አልነበረኝም። ቤተ ክርስቲያን ቆሜ "አሳየኝ" ብዬ የጸለይኩበት ቀን አለ፤ እግዜር ይህን ዓይነቱን ጸሎት ይወደው እንደሆነ አላውቅም።

አጎቴ አስተማሪ ሆነ። ምን እንዳስተማረ ልንገራችሁ? መፍተል! የሽመና አስተማሪ ተብሎ ገብቶ፣ "ጉድጓድ የወንድ ነው፣ እናንተ እንዝርታችሁን ያዙ" እያለ ቀኑን ሙሉ ጥጥ ያስፈትላቸው ነበር። መፍተሉን እኮ እናቶቻቸው ከሱ አሥር እጅ ይችሉታል። ገበያ ላይ ተማሪዎቹ ሲያወሩ እየሰማሁ እርር ድብን እላለሁ። ትምህርት ቤቱ በረንዳ ላይ አዲስ ጉድጓድ ተቆፍሮ፣ አዲስ ዕቃ ተተክሎለት፣ ድር ተወጥሮበት፣ ማንም አይገባበትም።

ከዚያ ከጎሬ ትልቅ ሹም ትምህርት ቤቱን ሊጎበኙ ይመጣሉ ተባለ። ዳይሬክተሯ "የሽመና አስተማሪያችን በእጁ የሠራውን ኩታ እናለብሳቸዋለን" ብለው አዘዙ። አጎቴ ነጭ ድር፣ ቀይና ቢጫ ሐር ተሸክሞ መጣና ጓዳ ወረወረልኝ። "ከዚህ በፊት ያልሠራሽውን ያህል አሳምሪው" አለኝ። አሳመርኩት። የግራውን ወርድ እንደዚያ አድርጌ ሠርቼ አላውቅም፤ ጥለቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ አንዲት ክር አልሳተም። ቆርጬ አወጣሁና፣ አጣጥፌ ይዤለት ወጣሁ።

"የግራው ይኸው። የቀኙን እርስዎ ይሥሩት፣ ጋሼ። አስተማሪ አይደሉ?"

መጀመሪያ የቀለድኩ መሰለው። እኔ ነጠላዬን አጣፍቼ ሶር ፏፏቴ አጠገብ ወዳለች አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። እናቴን ላከብኝ፤ አሞኛል በይው አልኳት። ጉድጓዱን እንዳይደፍነው ኩታው አላለቀም፤ ሌላ ሸማኔ እንዳይለምን ከተማው ሁሉ ሊሰማ ነው። የራሱን ከባድ እጅ ይዞ ቁጭ ከማለት በቀር መውጫ አልነበረውም።

ዋዜማው ላይ ተመለስኩ። ኩታው ተሰፍቶ አልጋ ላይ ተዘርግቷል። አየሁት፤ ግራና ቀኙ፣ ጥለት ለጥለት፣ ገጥሟል! እንዴት አድርጎ? ያ እጅ ተለወጠ? ከዚያ ጓሮ ወጣሁና መሬት ላይ የተተከሉ ችካሎች አየሁ፤ በአጠገባቸው የከሰለ እሳት አለ። ገባኝ፣ ሳቄ መጣ። አጥብቆ ስለሚመታ የሱ ወርድ አጥሮበታል። ሲያጥርበት በውኃ ነክሮ፣ ከኔው ወርድ እኩል እስኪሆን በችካል ወጥሮ ስቦ፣ በእሳት አድርቆታል። እርጥብ ሆኖ ተስቦ የደረቀ ሸማ እንደተሳበ ይቆያል፤ እስኪደርቅ የታሰረ ነውና። እንደገና ውኃ ከነካው ግን ወደ ቦታው ይመለሳል። ይህን የማያውቅ ሸማኔ የለም፤ እሱም ያውቃል። ኩታው እንደደረቀ ተጠቅልሎ ጎሬ ይገባልኛል ብሎ ነው። መቱ ላይ ተቀምጦ ዝናብን የረሳ ሰው እንግዲህ እሱ ነው!

ልነግረው እችል ነበር። አልነገርኩትም። ኩታውን በገዛ እጄ አሳምሬ አጣጠፍኩና "ይቅናዎት ጋሼ" ብዬ ሰጠሁት።

በማግስቱ ጠዋቱ ብራ ነበር። ከእናቴ ጋር ትምህርት ቤቱ ሄጄ ከሕዝቡ መሀል ቆምኩ፤ ዐይኔ ግን ሰማዩ ላይ ነው። ሹሙ በላንድሮቨር ደረሱ፣ ልጆቹ ዘመሩ፣ አጎቴ እጅ ነስቶ ኩታውን ትከሻቸው ላይ ጣል አደረገ። ተጨበጨበ። ከዚያ እንግዳውን ይዘው አትክልቱን ሊያሳዩ ወደ ጓሮ ወረዱ። ከጫካው በኩል ዳመና ብቅ ሲል እኔ ነኝ መጀመሪያ ያየሁት። "ና!" አልኩ በልቤ፣ "ና እባክህ!" እና መጣ። ጃንጥላ እስኪፈለግ ድረስ ሰው ሁሉ በስብሶ ወደ አዳራሹ ሮጠ።

የሹሙን ኩታ ከላያቸው ገፈው እንዲደርቅ ከፊት ለፊት ወንበር ላይ ዘረጉት። ንግግር ተጀመረ። ንግግሩን የሰማ ሰው ግን ያለ አይመስለኝም፤ ዐይን ሁሉ ወንበሩ ላይ ነው። የቀኙ ወርድ ተሰብስቦ ወደ ላይ ወጥቷል። ስፌቱ ተኮማትሮ፣ የቀኙ ጥለት የግራውን ጥሎት ሄዷል። አንዲት ባልቴት "ማሎ፣ እባካችሁ! ኩታው እኮ እያነከሰ ነው!" ስትል ልጆቹ በሳቅ ፈነዱ።

አጎቴ ላብ በላብ ሆነ። "ክሩ ነው፣ የሱቅ ክር እኮ ነው" አለ። "ዝናቡ ነው" አለ።

ዳይሬክተሯ ተነስተው ኩታውን ገለበጡት፤ ከውስጥ በኩል አዩት። "ክሩ አንድ፣ ዝናቡም አንድ" አሉ። "ታዲያ የግራው ለምን ደህና ሆነ?"

እናቴ ነጠላዬን ይዛ ወደ ታች ጎተተችኝ። ተነሳሁ።

"የግራው ወርድ የኔ ነው" አልኩ።

አጎቴ ለመሳቅ ሞከረ። "እትዬ፣ ይቺ ልጅ አባቷ ከሞተ ወዲህ ነካ አድርጓታል። እሷ ጉድጓድ ገብታ አታውቅም፤ ደግሞስ ሴት ልጅ..." ሊጨርስ አልቻለም። ዳይሬክተሯ በእጃቸው በረንዳው ላይ ያለውን ጉድጓድ አሳዩት። "ሁለታችሁም ግቡ" አሉ። "መጀመሪያ እርስዎ።"

ገባ። ሰው ሁሉ በረንዳውን ሞልቶ ቆመ፤ ሹሙም ቆሙ። መወርወሪያው ከእጁ ወደቀ፣ አንስቶ እንደገና ሞከረ። የሠራውን ጥለት ከግራው ወርድ ጋር ሲያስተያዩት አልገጠመም። ከዚያ እኔ ቀሚሴን ሰብስቤ ገባሁ። ወንዶቹ ፊታቸውን ሲያዞሩ አየሁ፤ ያዙሩ። ዐይኔን ጨፈንኩ። በልቤ ውስጥ የነበረው ንዴት ቤት የሚያፈርስ ነበር፤ እጄ ግን አንድ ነበር። ስጨርስ ዳይሬክተሯ ኩታውን አምጥተው የግራውን ወርድ አዲሱ ጥለት ላይ አጋደሙት። ክር ለክር ገጠመ። ሹሙ "ጉድ ነው!" አሉ።

ዳይሬክተሯ እዚያው አጎቴን ከሥራ አሰናበቱት። አሁንም ድረስ ሰው የማይረሳልኝ ንግግሬን የተናገርኩት ያኔ ነው። "ኧረ እትዬ፣ ጋሼን እንዳያባርሩብኝ" አልኩ፤ ሰው ሁሉ አዝኜ መሰለው። "ቀሰም የሚጠቀልልልኝ ሰው ያስፈልገኛል።"

ቀሰም ማለት ማጉ የሚጠቀለልበት፣ መወርወሪያው ሆድ ውስጥ የሚገባው ሸንበቆ ነው። በሸማኔ ቤት ቀሰም የሚጠቀልሉት ሴቶችና ልጆች ናቸው። ሕዝቡ እንደገባው የሳቀው ሳቅ! አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። አጎቴም ወዴት ይሂድ? መቱ ላይ ከዚያ በኋላ ሸማ የሚያሠራው ሰው አልነበረም። መጣ፣ ተቀመጠ፣ ጠቀለለ።

እኔ አስተማሪ ሆንኩ። መጀመሪያ እናቶች ልጆቻችን ጉድጓድ አይገቡም ብለው ነበር። ከቀሚሳቸው ሥር ሱሪ አስጠለቅኳቸውና ነገሩ በረደ። ዐይናቸውን አስጨፍኜ መምቻውን አሰማኋቸው። አጎቴን ደግሞ ሁሉም በሚያየው ቦታ፣ ከበሩ አጠገብ አስቀመጥኩት። ቀሰሙን ሲያቀብለኝ ጫን አድርጌ እይዝና "ጋሼ፣ ላልቷል። ይፍቱትና እንደገና ይጠቅልሉት" እለዋለሁ፤ በትሕትና፣ በአንቱታ። አንዳንዱ አልላላም ነበር።

አንድ ቀን ዝናብ ይዞን ሁለታችን ብቻ ቀረን። ቀሰሙን ጭኑ ላይ አኖረና "መቼ ነው የሚበቃሽ?" አለኝ።

"እኔን የደበቁበት ዘመን ሲካካስ።"

"እኔ ስንት ጊዜ ደበቅኩሽ? ወንድሜ ከኔ የበለጠ ደብቆሻል" አለ። "ሰሌኑን የሰቀለው እኔ ነኝ? ሊሞት ሲል እጄን ይዞ፣ ልጅቷ ሰው ፊት እንዳትወጣ፣ የኔን ስም አደራ ያለኝ እሱ ነው። እኔን ቀሰም አስጠቀለልሽኝ፤ ይሁን። እሱን ግን አንድ ቀን አኩርፈሽው ታውቂያለሽ?"

ነጠላዬን ተከናንቤ በዝናቡ ወደ ቤት ሮጥኩ። ቤት ስገባ እናቴ ጥጥ ትፈለቅቃለች። "እውነት ነው?" አልኳት። ቀና ሳትል "ሸማኔው ታውሯል፣ የምታበላው ሴት ልጁ ናት እንዳይባል ፈርቶ ነው" አለች። "አንቺን ጠልቶ አይደለም" ብላ ጨመረች። ሌሊቱን ሙሉ ከሰሌኑ ኋላ ፈገግ ስል የነበርኩትን ልጅ እያሰብኩ አነጋሁ። ሞኝ! እጅዎ ይባረክ ሲሉት አንዴ እንኳ "የልጄ ነው" ሊል አፉ ያልተላቀቀ ሰው! ለአጎቴ ልቤ የራራ እንዳይመስላችሁ። የምቀየማቸው ሰዎች ሁለት ሆኑ፣ ይኸው ነው።

ብዙ ሳይቆይ ትምህርት ቤቱን የሚያዩ እንግዶች መጡ። ዳይሬክተሯ ተማሪዎቹ ፊት፣ እናቶቹ ፊት፣ እጃቸውን ትከሻዬ ላይ አድርገው "የዚያ ስመ ጥር ሸማኔ ልጅ ናት፤ ሙያውን ከአባቷ ነው የወረሰችው። ዛሬም ድረስ የሱ ሸማ በየቤቱ አለ" አሉ። ሰዎቹም ነፍስ ይማር አሉ።

"አባቴ ዕውር ነበር" አልኩ። "በየቤቱ ያለው ሸማ የኔ ነው። እሱ በረንዳ ላይ ተቀምጦ ምስጋና ይቀበል ነበር። አታልሏችኋል፤ ነፍስ ይማሩንም መልሱልኝ።"

እናቶቹ አማተቡ። ከበሩ በኩል "ኧረ የሞተ ሰው!" የሚል ድምፅ ሰማሁና ዞርኩ። አጎቴ ነው። ከሹም ፊት ሲዋረድ ያላለቀሰ፣ ስንት ጊዜ የጠቀለለውን ስፈታበት ያላለቀሰ ሰው፣ ማጉን እንደያዘ ለወንድሙ እንባው ይወርዳል። እኔ ከሰሌኑ ኋላ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ለኔ እንዲህ ያለቀሰ ሰው የለም። ወደ ጉድጓዴ ተመልሼ ተቀመጥኩ። መወርወሪያዬ ባዶ ነበርና፣ "ጋሼ፣ ቀሰም ያቀብሉኝ" አልኩት።